ባለብይ ቪቴና የአማቱ ዓይን

ሰፈሩ በሙሉ አቶ ወዲያው ይለዋል። ምን ቢጠይቁት የመጀመሪያ ቃሉ «ወዲያው!» ነው። የተሰበረ የበር ማጠፊያ ይዘው ሲመጡ «ወዲያው!»፤ ውሃ አልስብ ያለ ፓምፕ ተሸክመው ሲመጡ «ወዲያው!»። ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ ያደርሳልም። እጁ እሳት ነው። ችግሩ እጁ የያዘውን ሳይጨርስ ዓይኑ የሚቀጥለው ላይ ማረፉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ የሌለ ካለ ዕድለኛ ነው፤ ዝም ብሎ ያንብብ።

የሚሠራው ከሚስቱና ከሚስቱ አባት ጋር፣ እንደ ባቡር ፉርጎ ረዝማ በጠበበች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በመንገዱ በኩል የሚስቱ ጠረጴዛ አለ፤ ሥራ የምትቀበል፣ የምታስረክብ፣ ደንበኛ ሲቆጣ አብራ የምትቆጣ እሷ ናት። መሀል ላይ የእሱ ሞርሳ፣ ብረት ነክሶ የሚይዝለት፣ አለ። ከጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፍሬዛው ቆሟል፤ ብረት የሚጠርበውና የሚበሳው ማሽን። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፣ መቁረጫው ከላይ ይሽከረከራል፣ ጠረጴዛው በእጅ መዘውር እየተነዳ ብረቱን ወደ መቁረጫው ያቀርባል። ያንን መዘውር ዕድሜ ልካቸውን ሲያዞሩ የኖሩት የሚስቱ አባት ናቸው። ቤተሰቡ አባባ ይላቸዋል፤ ደንበኛው ጋሼ።

አባባ ተረጋግተው ነው የሚሠሩት። «እርስዎ መነጽርዎን ጠርገው እስኪጨርሱ እኔ ሁለት ፓምፕ እፈታለሁ» ይላቸዋል አቶ ወዲያው።

«ትፈታለህ። መፍታቱንማ ማን ከለከለህ፤ መግጠሙ ላይ ጥራኝ» ይሉታል።

ሚስቱ ከፊት ለፊት ሆና ትስቃለች። እሱም ይስቃል። እንዲህ እየተነካኩ በሰላም ኖረዋል።

አባባ አንድ ልማድ አላቸው። ግራ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ብረት ሲበሱ ሆዳቸውን የማሽኑ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጣል አድርገው ይደገፋሉ። ቱታቸው ሆዱ ላይ በቅባት ከመጥቆሩ የተነሳ ቀበቶ የታጠቁ ይመስላሉ። ልጃቸው «አባባ ደግሞ ማሽኑን አቀፈው» ትላለች። መዘውሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንዴ ካዩ ደግመው አያዩትም። ለምን ያያሉ? የድሮው ቪቴ፣ መዘውሩ ጠረጴዛውን የሚነዳበት ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ጥርሱ ከዳዶው ጋር ብረት ለብረት እየተፋተገ ስለሚሄድ፣ መዘውሩን ካላዞሩት በስተቀር ጠረጴዛው በሆድ ቀርቶ በትከሻ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም።

ያ ቪቴ ግን አርጅቶ ነበር። ጥርሱ ተበልቶ መዘውሩ ሩብ ዙር ያህል በባዶው ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ወፍጮ ይከብዳል። አባባ ማታ ማታ ትከሻቸውን እያሹ ነው የሚገቡት። አንድ ቀን አቶ ወዲያው ከብረት ሻጮች ተራ፣ በኮምፒዩተር ይሠራ ከነበረ ማሽን የተፈቱ ሁለት ቪቴዎች በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ባለብይ ቪቴ ናቸው። በጥርሱና በዳዶው መሀል ትናንሽ የብረት ብዮች ተደርድረው ይንከባለላሉ፤ ፍትጊያ የለም፣ ባዶ ዙር የለም። ቪቴውን ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት ዳዶው በራሱ እየተሽከረከረ ይወርዳል።

«የአባባን ትከሻ ላሳርፈው ነው» አለ። እውነት ነው፤ አዝኖላቸዋል። ግን የሰው ልብ አንድ በር ብቻ የለውም። በእጅ የሚሠራ ፍሬዛ ላይ ባለብይ ቪቴ የገጠመ ሰው በአካባቢው የለም። ደንበኛ ሲያይ ምን እንደሚል፣ እሱም «ኧረ ቀላል ነገር ነው» ብሎ እንዴት ትከሻውን እንደሚነቀንቅ አስቀድሞ በሐሳቡ ተለማምዶታል።

ፈታው፣ ለካው፣ አስተካከለው። የድሮው ዳዶ የነበረበትን ቤት አሰፋ፤ አዲሱ ዳዶ ወፍራም ነውና አልገባም አለው፤ እንደገና አሰፋ። ጠረጴዛውን ወደፊትና ወደኋላ በሚነዳው በኩል ግን አንድ እንቅፋት ገጠመው። ጠረጴዛውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የማሰሪያው እጀታ በትክክል አዲሱ ዳዶ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተሰንቅሯል። ነቀለው። ሌላ፣ ከጎን የሚገባ ማሰሪያ ሊሠራለት አሰበ። አሰበ ብቻ።

እዚህ ላይ ሰውየውን ለማዳን የሚቸኩል አንባቢ እንዳይኖር፦ ያውቅ ነበር። ባለብይ ቪቴ በራሱ እንደማይቆም፣ ከጀርባው ከገፉት ወደኋላ እንደሚንከባለል፣ ማሰሪያ ወይም ፍሬን እንደሚያስፈልገው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ዳዶው በራሱ ሲወርድ እያየ ያጨበጨበው እሱ ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ሆነ። ሚስቱ መዘውሩን በትንሽ ጣቷ አዞረችው። የፓምፑ ሰውዬ፣ ፓምፕ ላይ በቡሎን የሚታሰር የብረት ሳህን በየጊዜው የሚያስበሳው ደንበኛቸው፣ «ይሄማ በትንፋሽም ይዞራል» አለ። አቶ ወዲያው ትከሻውን ነቀነቀ። አባባም አዞሩት። ፊታቸው ላይ ደስታም መደናገርም ነበር።

«ማሰሪያውስ?» አሉ።

«ወዲያው እሠራልዎታለሁ። ደግሞ ለመብሳት ምን ያደርግልዎታል?»

በማግስቱ እንደገና ጠሩት። «ስማ እስቲ፣ ይሄ ነገር ይሸሸኛል።»

«ለስላሳ ስለሆነ ነው አባባ። ይለምዱታል።»

አባባ ወደ መዘውሩ ተመለሱ። የሰጣቸው ሰው ተደስቶ እያዩት ስጦታውን የሚነቅፉ ሰው አይደሉም።

ከዚያ የፓምፑ ሰውዬ መጣ። አመጣጡ እንደሌላው ቀን አልነበረም፤ ሳህኖቹን ሚስትየዋ ጠረጴዛ ላይ ከነጆንያቸው ዘረገፋቸው።

«እመቤት፣ ቀዳዳዎቹ አይገናኙም። አንዱ ወዲህ ነው፣ አንዱ ወዲያ ነው። ቡሎኑን በመዶሻ ላስገባው?»

«የአባባ ሥራ? አይሆንም!»

«እኔስ አይሆንም ብዬ አይደል ሁለቴ የለካሁት።»

ለካች። ግማሽ ሚሊ ስቷል። ሌላውንም አነሳች፤ ስቷል፤ እሱ ደግሞ በሌላ መጠን። ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። «ማሽኑ ይሆን እንዴ?»

ሰው ሲያጠፋ ነጎድጓድ የሚሰማ ይመስላችኋል። አይሰማም። አቶ ወዲያው ከሞርሳው ቀና እንኳ ሳይል «ማሽኑማ እንደ አዲስ ነው» አለ። ይኸው ነው። አራት ቃል። ከጀርባ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ጥርጣሬው አላስበላ ስላለው ተነሳ። ባለ ሰዓቱን መለኪያ ጠረጴዛው ላይ ተከለ፤ ቀስት አለው፣ ጠረጴዛው የፀጉር ያህል ቢነቃነቅ ይናገራል። ከዚያ አባባ እንደሚያደርጉት ሆዱን ጠርዙ ላይ ጣል አደረገ። ቀስቱ ሄደ። ቀና አለ፤ ቀስቱ ባለበት ቀረ። እንደገና ተደገፈ፤ እንደገና ሄደ። ከታች መዘውሩ እንደ ሌባ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። አባባ ቁጥሩን አይተው፣ አስተካክለው፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ሊያሳርፉ ሲደገፉ፣ ብረቱ ከመብሻው ሥር እየሸሸ ነበር።

መለኪያውን ነቅሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። «ማሰሪያውን ሠርቼ ስገጥም እነግራቸዋለሁ» አለ ለራሱ። ችግርን ከነመፍትሔው ይዞ መቅረብ ይሻላል፣ አይደል? ለፈሪ ሰው እንዲህ የመሰለ ምቹ ሐሳብ ምን ጊዜም አይጠፋም።

እሱ ሲያስብ ሚስቱ ሠራች። አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ልትወስዳቸው ቀጠሮ ያዘች። የሄዱ ቀን ታክሲውን የጠራው አቶ ወዲያው ነው። በሩን ከፍቶ፣ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። «አይዞዎት አባባ» አላቸው። ይሄን ቃል በኋላ ሲያስታውሰው ጥርሱን ያመዋል።

ሐኪሙ «ትንሽ ሞራ ጀምሯል፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ለጊዜው አያሰጋም» አለ። አባባ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲቱን ቃል ብቻ ይዘው ወጡ። ሞራ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ዓይን እያያቸው አነሱ። በዓይናቸው ላይ እምነት ሲያጡ ዓይናቸው የእውነት የደከመ ይመስላል። መንገድ ሲሻገሩ ቆመው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። በዚያች ስንት ጊዜ በተመላለሱባት ክፍል ውስጥ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መሄድ ጀመሩ። ማታ ማታ ጋዜጣ ማንበብ ይወዱ ነበር፤ ተዉት። «ፊደሉ ይሸሸኛል» አሉ። አቶ ወዲያው ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። መሸሽን ለሰውየው ያስተማራቸው እሱ ነው።

ሚስቱም አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካሁን በኋላ አባባ ማሽኑ ላይ ባይቆም ነው የሚሻለው፤ ጣቱን ሳይበላው። ሌላ ሰው እንፈልግ» አለችው።

«ትንሽ እንታገሥ» አላት።

«ምኑን ነው የምንታገሠው? አባቴ ነው እኮ! ላንተ ይብስብሃል?»

በሚቀጥለው ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ መጣና ማሰሪያውን ሠራ። ያ ሁሉ ጊዜ የዘገየው ሥራ ቁርስ ሳይደርስ አለቀ። ቀላል ነገር ነበረ እኮ! አንድ የነሐስ ቁራጭ፣ አንድ ቡሎን፣ አንድ እጀታ። አጠበቀው፤ መለኪያውን ተከለ፤ ሆዱን ጣለ፤ በትከሻው ገፋ። ቀስቱ አልተነቃነቀም። ደስ አለው። ደስታው ምን እንደነበር ልንገራችሁ፦ አሁን አባባ ይሠራሉ፣ ልክ ይሆናል፣ ሁሉም ተመስገን ይላል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ይዘጋል። ለዚህ ነው ደስ ያለው።

አባባ ሲመጡ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ይኸው ማሰሪያዎን ገጠምኩልዎት። ሲበሱ ሁልጊዜ ያጥብቁት። ይምጡ ይሞክሩት።»

«ጎበዝ። ለሚመጣው ሰው ይጠቅመዋል።»

«ለእርስዎ ነው እኮ።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ማሰሪያ ዓይን አይሆን።»

«አንድ ሳህን ብቻ ይብሱ። አንድ።»

«ተወኝ ልጄ። የሰው ብረት አበላሽቼ አልሞትም።» ከኪሳቸው መለኪያቸውን አወጡ፤ ያቺን ከእጃቸው ተለይታ የማታውቀውን ካሊፐር። «እንካ። አንተ ጋ ትሁን።»

አቶ ወዲያው እጁን አልዘረጋም። የማሽኑን ጉዳት ጠግኖታል፤ ግን ጉዳቱ ከማሽኑ ወጥቶ ሰውየው ውስጥ ከገባ ቆይቷል። እዚያ ደግሞ በቁልፍ አይገባም። ሚስቱ ከፊት ለፊት ታያለች። የፓምፑ ሰውዬ አዳዲስ ሳህኖች ይዞ ገና መግባቱ ነው።

«ዓይንዎ አይደለም» አለ። ድምፁ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለው። «ማሽኑ ነው። እኔ ነኝ። ማሰሪያውን ነቅዬ ጣልኩት። ያለ ማሰሪያ ቪቴው አይቆምም። ሲደገፉ ጠረጴዛው ይሄዳል። ለክቼዋለሁ፤ አይቼዋለሁ።»

የፓምፑ ሰውዬ «እኔ ቆይቼ ልመለስ?» አለ።

«ቁም!» አለችው ሚስትየዋ፣ ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል። «መቼ ነው ያየኸው?»

«ሳህኖቹ የተመለሱ ጊዜ።»

«ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት?»

«በፊት።»

«ታክሲውን የጠራኸው እያወቅክ ነው? በሩን የከፈትክለት እያወቅክ? ‹አይዞዎት› ያልከው?»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ተቀምጣ በሁለት እጇ የጠረጴዛዋን ጠርዝ ያዘች።

አባባ ግድግዳውን ሳይነኩ ተነስተው ወደ ማሽኑ ሄዱ፤ ማሰሪያውን ፈታ አድርገው ሆዳቸውን ጣሉ። መዘውሩ ሲዞር አዩት። አጠበቁት፤ ተደገፉ፤ ቆመ።

«ይሸሸኛል ብዬህ ነበር» አሉ።

«ብለውኛል።»

«እኔ እኮ የማምነው አንተን ነበር። ዓይኔንና አንተን አስቀምጬ አንተን አመንኩ።» ካሊፐሩን እጁ ላይ አኖሩለት። «በል፣ እዚህ ቁም። እኔ እበሳለሁ፣ አንተ ታነባለህ። ውሸታም ነህ፤ ዓይንህ ግን ደህና ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ይኸው ሆነ። አባባ አንድ ሳህን በጨረሱ ቁጥር «አንተ!» ይላሉ፤ በስሙም በቅጽሉም አይጠሩትም። የያዘውን ጥሎ ይሄዳል፤ ይለካል።

«ልክ ነው አባባ።»

«ልክ ነው ወይ አላልኩህም። ስንት ነው?»

«ከቀዳዳ ቀዳዳ ሃምሳ ሚሊ ድፍን።»

ቁጥሩን ሲናገር እሳቸው ካሊፐሩን አያዩም፤ የእሱን ፊት ነው የሚያዩት። እንደማያምኑት ያውቃል። ሳህኖቹ የእውነት ልክ ናቸው፤ የፓምፑ ሰውዬም ወስዶ ገጥሞ አመስግኗል፤ ምን ዋጋ አለው? ልክ ነው ያለው እሱ ነው። ዛሬ እውነት ቢናገርም ትናንት ሲዋሽ የተናገረበት አፍ ነው። ቤትም ሚስቱ ታናግረዋለች፤ «እራት ቀርቧል»፣ «በሩን ዝጋ»። ሰው ለተከራይ የሚናገረውን ያህል።

ከዚያ ያ ሳህን መጣ። የፓምፑ ሰውዬ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች ስልክ እየደወሉ ያቻኩሉታል፤ እሱ ደግሞ አባባን በወሬ ያዘናጋቸዋል፤ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ጎረቤቱ ራሱ፣ ማን ከማን እንደሚብስ። አባባ እየሳቁ በሱ።

«አንተ!»

ሄደ። ለካ። ሃምሳ አንድ።

እንደገና ለካ። ሃምሳ አንድ። ማሰሪያውን ነካ፤ ጠብቋል። ጠረጴዛው አልሸሸም። ሰውየው ሲስቁ ቁጥሩ አምልጧቸዋል፤ በቃ፣ ማንም ላይ የሚደርስ ነገር። አቶ ወዲያው በዚያች ቅጽበት ያሰበውን ማሰብ የማይችል ሰው ካለ ድንጋይ ነው። አባባ ገና ትናንትና ጋዜጣ አንስተው ነበር፤ ርዕሱን ብቻ አንብበው አስቀመጡት። አሁን «እርስዎ ነዎት» ቢላቸው ያ ሁሉ ይመለሳል። «ልክ ነው» ብሎ ቀዳዳውን በሞረድ ትንሽ ቢያሰፋው ማን ያውቃል? ደግነትም ይመስላል። ያችው የድሮዋ ዝምታ ናት፤ የደግ ሰው ልብስ ለብሳ መጣች።

«ስንት ነው?» አሉ አባባ።

«ሃምሳ አንድ። አንድ ሚሊ አልፏል።»

ሚስቱ ከፊት ለፊት ቀና አለች። የፓምፑ ሰውዬ የውሻውን ነገር አቋረጠ።

«ማሽኑ ነው?»

«አይደለም። ማሰሪያው ጠብቋል።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ነዎት አባባ። ቁጥሩ አምልጦዎት ነው።»

አባባ ፊቱን አዩት፤ ቆይተው አዩት። ከዚያ ካሊፐሩን ከእጁ ወሰዱ። ሳህኑን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱ፤ ለኩ።

«ሃምሳ አንድ» አሉ። «እውነትም።» ደግመው አዩት። «ጥርት ብሎ ይታያል እኮ።» ወደ ፓምፑ ሰውዬ ዞረው ተቆጡ። «አንተ ነህ፣ በውሻህ!»

«የእኔ ውሻ አይደለም ጋሼ፤ የጎረቤቴ ነው።»

«ጎረቤትህ ይሻላል። ሂድ ከደጅ ጠብቅ!»

ሌላ ብረት አሰሩ። ቁጥሩን አዩ፣ ማሰሪያውን አጠበቁ፣ ሆዳቸውን ጣሉ፣ በሱ። አቶ ወዲያው ከሞርሳው አጠገብ ጨርቅ ይዞ፣ እጁን እየጠረገ ይጠብቃል። መብሻው ቆመ። አባባ ሳህኑን ፈትተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ለኩ፤ «ሃምሳ» አሉ ለራሳቸው፣ ሳህኑንም ወስደው ለልጃቸው ሰጧት። እሱን አልጠሩትም።

ሚስቱ አባቷን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ባሏን አየችው፤ ምን እንደምትለው ያላወቀች ሆና ፊቷን መለሰች።

ያኔ ነው አንድ ነገር ድንገት ትዝ ያለው። ማሰሪያውን ተናግሯል። ቪቴውን ተናግሯል፤ ቀስቱን፣ ታክሲውን፣ ሁሉንም። «ይቅር ይበሉኝ» ግን አላለም። በዚያ ሁሉ ንግግር መሀል አንዴም አላለም፤ ማስረዳት ይቅርታ መጠየቅ መስሎት። ጨርቁን ጥሎ ወደ ማሽኑ ሄደ። አባባ ሦስተኛውን ብረት እያሰሩ ነው፤ የተጎነበሰውን ጀርባቸውን፣ የነጣውን ማጅራታቸውን አየ። ቃሉ አፉ ላይ ደረሰ።

«ምን ፈለግህ?» አሉ ሳይዞሩ።

ከንፈሩ ተከፈተ። ማሽኑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱን ቡሎን በጨለማ ፈትቶ መግጠም የሚችል ሰው፣ ሁለት ቃል አጥቶ ቆመ።

«ምንም» አለ። «ይቺን ብረት ላነሳ ነው።»

የተበላሸውን ሳህን ከማሽኑ ሥር አንስቶ ወደ ሞርሳው ተመለሰ።